ተቃርኖ ሲገኝ የሚወድቀው የትኛው ነው?

የፕሌቶን «ዩቲፍሮ» ባነበብኩ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ንግግሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዩቲፍሮ አባቱን በነፍስ ግድያ ሊከስ መጥቷል፤ ሶቅራጥስ ደግሞ ራሱ ተከሶ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሟል። «ጽድቅ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዩቲፍሮም «አማልክት የሚወዱት ነገር ነው» ብሎ ይበይናል። ጥያቄው ይቀጥላል። አማልክት እርስ በርሳቸው ይጣሉ የለም ወይ? ይጣላሉ። የሚጣሉትስ በፍትሕና በበደል፣ በመልካምና በክፉ ጉዳይ አይደለም? ነው። እያንዳንዱ መልካም የመሰለውን ወድዶ ተቃራኒውን አይጠላም? ይጠላል። እንግዲያው አንዱ ነገር በአንዱ ዘንድ የተወደደ፣ በሌላው ዘንድ የተጠላ ይሆናል፤ በአንተ ብያኔ ያው ነገር ጽድቅም ኃጢአትም ነው ማለት ነው። ዩቲፍሮ ተረታ።

የሚያስቆመኝ ግን ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ የተነገረ ነገር ነው። ዩቲፍሮ ዜውስ የገዛ አባቱን ማሰሩን ጠቅሶ ሲከራከር፣ ሶቅራጥስ እንዲህ ያለውን የአማልክት ታሪክ ለመቀበል እንደሚቸግረው ይናገራል፤ ምናልባት የተከሰስኩትም በዚሁ ምክንያት ይሆናል ይላል። እንግዲህ ብያኔውን የጣለው ክርክር የቆመው «አማልክት ይጣላሉ» በሚለው መነሻ ላይ ነው፤ ይህን መነሻ ጠያቂው ራሱ ይጠራጠረዋል። ታዲያ ተቃርኖው ሲገለጥ ለምን ብያኔው ወደቀ? ለምን መነሻው አልወደቀም? ዩቲፍሮ «እንዲያ ከሆነ ታሪኮቹ ሐሰት ናቸው፤ አማልክት በምንም አይጣሉም» ብሎ ብያኔውን ማዳን ይችል ነበር። ማንም አልከለከለውም።

ጥያቄው ከዚህ አንድ መጽሐፍ ያልፋል። ሦስት፣ አራት ሐሳቦች አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ ስናሳይ ሎጂክ የሚነግረን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ሐሰት ነው። የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። ሆኖም በክርክር ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ፈላስፋም ይሁን የታሪክ አጥኚ፣ ተቃርኖውን እንዳገኘ ወዲያው በአንዱ ላይ ይፈርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚፈረድበት ደግሞ ባላንጣው መጀመሪያ ላይ ጮክ ብሎ የተናገረው ነው። ቀድሞ በመነገሩ ብቻ ተከሳሽ ይሆናል።

የጥንታዊ ግሪክ ፍልስፍና አጥኚው ግሪጎሪ ቭላስቶስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ የሶቅራጥስን የሙግት መንገድ በአራት እርምጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። መላሹ አንድ አቋም ይይዛል፤ ሶቅራጥስ ሌሎች መነሻዎችን ያስቀብለዋል፤ መነሻዎቹ ከአቋሙ ጋር እንደሚጋጩ ያሳያል፤ አቋሙ ሐሰት ነው ብሎ ይደመድማል። ቭላስቶስ ጣቱን ያሳረፈው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ግጭትን ያሳያል፤ አራተኛው ፍርድ ይሰጣል። ከግጭቱ ወደ ፍርዱ የሚያሻግር ነገር በጽሑፉ ላይ የለም።

አርስቶትል ለዚህ ከፊል መልስ አለው። በሙግት ዓይነቶች መካከል ልዩነት ሲያደርግ፣ መላሹ ራሱ ከሚያምንባቸው ሐሳቦች ተነስቶ እውቀቱን የሚፈትሽ ክርክርን ለብቻው ያስቀምጠዋል። በዚህ ዓይነቱ ክርክር ጠያቂው በመነሻዎቹ ማመን የለበትም፤ የሚፈተሸው የመላሹ ሐሳብ እርስ በርሱ ይስማማል ወይ የሚለው ነው። ይህን እቀበላለሁ። ዩቲፍሮ የያዘው ነገር አብሮ እንደማይቆም ታይቷል፤ አዋቂ ነኝ ማለቱም ፈርሷል። ይሁን እንጂ «ጽድቅ አማልክት የሚወዱት ነው» የሚለው ሐሳብ ራሱ ገና አልተነካም።

የተነካው ቀጥሎ ነው። ዩቲፍሮ «አማልክት ሁሉ የሚወዱት» ብሎ ብያኔውን ሲያስተካክል፣ ሶቅራጥስ አዲስ ጥያቄ ያነሳል፤ አማልክት የሚወዱት ጽድቅ ስለሆነ ነው ወይስ ጽድቅ የሆነው ስለሚወዱት ነው? ይህ ጥያቄ በአማልክት ጠብ ላይ አይደገፍም። ቢጣሉም ባይጣሉም፣ አንድ ቢሆኑም ብዙ፣ ጥያቄው እንዳለ ይቆማል። የመጀመሪያው ምት የሰውየውን ቅርጫት ገለበጠ፤ ሁለተኛው ብያኔውን ራሱን መታ። ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ ዛሬም ፈላስፎችን የሚያከራክረው ሁለተኛው መሆኑ አይገርመኝም።

ምቱ ያረፈው የት ላይ ነው?

አንድ ተቃውሞ ምን እንደመታ ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ሥርዓት ካበጁለት መካከል በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱት የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት፣ በተለይም ሸምሱዲን አስ-ሰመርቀንዲ፣ ግንባር ቀደም ናቸው። የክርክር ሥርዓት ብለው ባደራጁት ትምህርት ተቃዋሚ ማድረግ የሚችለውን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው መነሻን አለመቀበል ነው፤ «ይህን አስረዳ» ማለት። ሁለተኛው ማስረጃው ራሱ ብልሽት እንዳለበት ማሳየት ነው፤ ለምሳሌ ያው ማስረጃ ሌላ ቦታ ላይ ሲሠራበት ግልጽ ሐሰት የሚያወጣ ከሆነ። ሦስተኛው ማስረጃውን ሳይነኩ ተቃራኒውን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ ማቆም ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ የድርሳናት አጥኚ ሁለት በእጅ የተገለበጡ ቅጂዎች አሉት። «የመጀመሪያው ቅጂ በዕድሜ ይቀድማል፤ ስለዚህ ንባቡ የበለጠ ይታመናል» አለ። ተቃዋሚው ሦስት በር አለው። «ዕድሜውን በምን አወቅህ? በብራናው ነው ወይስ በፊደሉ አጣጣል?» ካለ መነሻውን ይዟል። «ይህ ምክንያት ከሠራማ ማንኛውም የቀደመ ቅጂ ከማንኛውም የኋላ ቅጂ ይሻላል ማለት ነው፤ የኋለኛው ግን ዛሬ ከጠፋ ጥሩ ጥንታዊ ቅጂ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል» ካለ ከዕድሜ ወደ ታማኝነት የሚያሻግረውን ድልድይ መታ። «በመጀመሪያው ቅጂ ይህ አንቀጽ ከራሱ ከቀጣዩ አንቀጽ ጋር ይጣላል፤ በሁለተኛው ግን ይስማማል» ካለ ደግሞ ስለ ዕድሜ አንድም ቃል ሳይናገር መደምደሚያውን በሌላ ማስረጃ ተጋፈጠ።

ሦስቱ የሚያስከትሉት ዕዳ የተለያየ ነው። በመጀመሪያው በር የገባ ሰው ምንም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ ጠይቋል፣ ይጠብቃል። በሁለተኛው የገባ ማስረጃው የሚከሽፍበትን ቦታ ማሳየት አለበት። በሦስተኛው የገባ ሙሉ ማስረጃ ማቆም ይጠበቅበታል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ እሱ አስረጂ፣ የቀድሞው አስረጂ ጠያቂ ይሆናል። ሊቃውንቱ በዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ነበሩ። አስረጂው መነሻውን ገና ሳያስረዳ ተቃዋሚው ቸኩሎ የመነሻውን ሐሰትነት ላረጋግጥ ቢል፣ የሌላውን ቦታ መንጠቅ ነው ብለው ብዙዎቹ አይቀበሉትም ነበር። ምክንያታቸው ተግባራዊ ነው። ተቃዋሚው ያቀረበው ማስረጃ ደካማ ሆኖ ከተገኘ፣ አስረጂው ያላስረዳው መነሻ የተረጋገጠ መስሎ ይቀራል።

ይህ ስህተት በዛሬ የጥናት ክርክሮችም ሞልቷል። አንድ ሰው ያለማስረጃ የተናገረውን ሌላው በደካማ ማስረጃ ሊያፈርስ ይነሳል፤ ክርክሩ ሁሉ በደካማው ማስረጃ ላይ ይሆንና መጀመሪያ የተባለው ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል። «አስረዳ» ማለት ብቻ በቂ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ዋናውን መነሻ ትቶ ዳር ዳሩን መደብደብ ነው። የአንድ ጽሑፍ ዋና ክርክር ከባድ ሲሆን ተቃዋሚው የዘመን ቁጥር ስህተት፣ ያልተመቸች ምሳሌ ወይም የበዛች ቃል ይዞ ሁለት ገጽ ይሞላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን። ፈተናው ቀላል ነው። ተቃውሞህን ሙሉ በሙሉ ቢቀበሉህ መደምደሚያው ይናጋል? የማይናጋ ከሆነ እርማት ነው፤ በእርማትነቱ ጻፈው፣ ዋጋም አለው፣ ነገር ግን ረታሁ አትበልበት።

ውስጡ ባዶ የሆነ ኩብ

የተመታውን ለይቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሒሳብ ፈላስፋው ኢምሬ ላካቶሽ ያሳየበት መንገድ ከሁሉ ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 እና 1964 በተከታታይ ያወጣው ጽሑፍ በአንድ ክፍል ውስጥ አስተማሪና ተማሪዎች የሚያደርጉት ሙግት ሆኖ የተጻፈ ነው። ርዕሱ የኦይለር ቀመር ነው፤ በጠፍጣፋ ገጾች የታጠረን ቅርጽ ወስደህ የጠርዞቹን ቁጥር ከማዕዘኖቹ ቁጥር ስትቀንሰውና ገጾቹን ስትጨምር ሁልጊዜ 2 ይወጣል የሚለው። ባጭሩ፣ ማዕዘን ሲቀነስ ጠርዝ ሲደመር ገጽ። ኩብ 8 ማዕዘን፣ 12 ጠርዝ፣ 6 ገጽ አለው፤ 8 ሲቀነስ 12 ሲደመር 6፣ 2 ነው። ባለ አራት ገጹ ፒራሚድም 4 ሲቀነስ 6 ሲደመር 4፣ ያው 2።

አስተማሪው የኮሺን ማረጋገጫ ያቀርባል። ቅርጹን ከስስ ላስቲክ እንደተሠራ እናስበው። አንድ ገጹን እናነሳና የቀረውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንለጥጠዋለን። አንድ ገጽ ስለተነሳ አሁን ማግኘት ያለብን 1 ነው። ከዚያ ገጾቹን ሁሉ በሰያፍ መስመር ወደ ሦስት ማዕዘኖች እንከፍላለን፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጠርዝና አንድ ገጽ ስለሚጨምር ድምሩ አይለወጥም። በመጨረሻም ሦስት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እናነሳለን። ሲነሱ ወይ አንድ ጠርዝና አንድ ገጽ ይጠፋል፣ ወይ ሁለት ጠርዝ፣ አንድ ማዕዘንና አንድ ገጽ ይጠፋል፤ በሁለቱም ድምሩ ባለበት ይቆያል። የመጨረሻዋ ብቸኛ ሦስት ማዕዘን 3 ሲቀነስ 3 ሲደመር 1፣ 1 ናት። አለቀ።

አንድ ተማሪ እጁን ያነሳል። ከመሃል ያለችውን ሦስት ማዕዘን ባነሳስ? በዙሪያዋ ያሉት ጠርዞች የጎረቤቶቿም ስለሆኑ አይጠፉም፤ የሚጠፋው ገጽ ብቻ ነው፣ ድምሩም ይዛባል። ትክክል ነው። ይህ ተቃውሞ አንዱን እርምጃ ሰብሯል፤ ቀመሩን ግን አልነካውም፣ ኩቡ አሁንም 2 ይሰጣል። መልሱ እርምጃውን ማስተካከል ነው፤ ከዳር ጀምረህ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ አንሳ ማለት።

ሌላው ተማሪ በውስጡ ሌላ ትንሽ ኩብ የሚያህል ባዶ ቦታ ያለበት ኩብ ይዞ ይመጣል። 16 ማዕዘን፣ 24 ጠርዝ፣ 12 ገጽ፤ ድምሩ 4። ይህ መደምደሚያውን ራሱን መታ። የሚገርመው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው መልስ ሁሉ በየትኛውም የምርምር ዘርፍ የምንሰማው ነው። አንዱ «ይህማ ቅርጽ አይደለም፣ ጭራቅ ነው» ብሎ ብያኔውን አጥብቦ ያባርረዋል። ሌላው «ቀመሩ ወደ ውስጥ የገባ ስርጉድም ባዶ ቦታም ለሌለባቸው ቅርጾች ብቻ ነው» ብሎ ወደ ሰላማዊ ሜዳ ያፈገፍጋል። ሦስተኛው መንገድ ግን ወደ ማረጋገጫው ተመልሶ ወንጀለኛውን እርምጃ ይፈልጋል። ይገኛልም፤ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ባዶ ቦታ ያለበትን ኩብ አንድ ገጽ ብታነሳለት የቀረው ጠረጴዛ ላይ አይዘረጋም። እንግዲህ «አንድ ገጽ ሲነሳለት የሚዘረጋ» የሚለው ሁኔታ በቀመሩ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በኋላ ቀመሩ ቅርጾችን የሚለይበትን ምክንያት በውስጡ ይዟል፤ ቀድሞ ግን በዝምታ አልፎት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሴን የምሞግትበት ነገር አለ። በጥንታዊው የሕንድ ኒያያ ትምህርት ቤት የክርክር ሕግ ውስጥ 22 የመረቻ ቦታዎች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህ አንዱ አቋምህ ከተመታ በኋላ አዲስ ሁኔታ ጨምረህ ሌላ አቋም ማድረግ ነው። ያን ካደረግህ ተረታህ። በኒያያ ዳኛ ፊት ዩቲፍሮ «ሁሉም አማልክት» ሲል ተረትቷል፤ የላካቶሽ ተማሪም «የሚዘረጋ ከሆነ» ሲል እንዲሁ። ታዲያ አቋምን ማሻሻል እድገት ነው ወይስ ሽንፈት?

ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የሚዳኙት የተለያየ ነገር ነው። የኒያያ ሕግ ተከራካሪውን ይዳኛል። መጀመሪያ ያቆምከው ነገር እንዳልቆመ ማመን አለብህ፤ የለወጥከውን ሳትናገር «እኔ ድሮም ይህን ነው ያልኩት» ማለት አይፈቀድልህም። ላካቶሽ የሚዳኘው ሐሳቡን ነው። አዲሱ ሁኔታ የመጣው ከማረጋገጫው ውስጥ ከተሰበረው እርምጃ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት የማናውቀውን ነገር ያስተምረናል፤ ከውጭ የተለጠፈ ከሆነ ግን የተመታውን ቁስል ብቻ ይሸፍናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለአንድ ተቃውሞ ብቻ የተሰፋ ማስተካከያ ሁለተኛው ተቃውሞ ሲመጣ ይበተናል። ስለዚህ አቋሜ ሲመታ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፤ የቀድሞው አቋም በዚህ ቁጥር መስመር ላይ ወድቋል፣ አዲሱ ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ ዲያሌክቲክን «አቋም፣ ተቃራኒ አቋም፣ ውሕደት» በሚል ቀመር ብቻ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ ቀመሩንም የሄግል ያደርገዋል። ሄግል ሥራውን በዚህ ቀመር አላቀረበም። ለእሱ እንዲሰጠው ያደረገው በ1837 የታተመው የሃይንሪሽ ካሊቤይስ ማብራሪያ ነው። ቀመሩ ያደረሰው ጉዳት ትንሽ አይደለም። ሁለት አቋም ሲጋጭ መካከሉን መያዝ ጥበብ ይመስላል። ነገር ግን መካከለኛው አቋም የራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ከሁለት ወገን ግማሽ ግማሽ መውሰድ ማስረጃ አይሆንም።

ሳይጻፍ የቀረው መስመር

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የሚወድቀውን ለመምረጥ መጀመሪያ ሁሉም ተጠርጣሪዎች መሰለፍ አለባቸው። ትልቁ ችግር ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ያልተጻፈው መስመር መሆኑ ነው።

ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን በቀላል ምሳሌ አስረድቷል። «ሃሪ የተወለደው በርሙዳ ነው፤ ስለዚህ የብሪታንያ ዜጋ ነው።» ሁለት መስመር ብቻ ይመስላል። በመካከል ግን «በርሙዳ የተወለደ በአብዛኛው የብሪታንያ ዜጋ ይሆናል» የሚል ማሻገሪያ አለ። ማሻገሪያውን ደግሞ ሕጉ ይደግፈዋል። «በአብዛኛው» የሚለው ቃል የእርግጠኝነቱን መጠን ይለካል። «ወላጆቹ ሁለቱም የውጭ አገር ዜጎች ካልሆኑ በቀር» የሚል ማፍረሻ ሁኔታም አለው። ሁለቱ መስመር ስድስት ሆነ። ሃሪ ዜጋ ሳይሆን ቢገኝ የትውልድ ቦታው ውሸት ነው ብለን አንቸኩልም፤ የምንፈትሻቸው ሌሎች መስመሮች አሉ።

እኔ የምመክረው አሠራር ይኸው ነው። የምትመረምረውን ክርክር በራስህ ቃል፣ በአንድ መስመር አንድ ሐሳብ ብቻ እያደረግህ፣ ቁጥር እየሰጠህ ጻፍ። «እና» የሚል ቃል ካየህ መስመሩን ለሁለት ክፈለው፤ ተቃውሞ ግማሹን ብቻ ሊመታ ይችላልና። ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውን ያልተነገረ ሐሳብ ፈልገህ እሱንም ቁጥር ስጠው። በድርሳኑ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር የነበረው ወደ ሰባት ወይም ስምንት ያድጋል። ቀጥሎ በየመስመሩ ፊት ለፊት ይህ መስመር ከዚህ ክርክር ውጭ ምን የራሱ ድጋፍ እንዳለው አስፍር። ምንም ድጋፍ የሌለው መስመር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱን በየተራ ጣለውና አብሮት ምን እንደሚወድቅ ተመልከት።

ይህን ሲሠሩ የሚበላሸው በአብዛኛው አንድ ቦታ ነው። ያልተነገረውን ሐሳብ ስንጽፍ ለባላንጣችን ደካማውን እንመርጥለታለን። «ሁሉም»፣ «ምንጊዜም»፣ «ፈጽሞ» የሚሉ ቃላት ባለቤቱ ያልተናገራቸው ከሆኑ እኛ የሰጠነው ናቸው፤ በእነሱ ብናፈርሰው ያፈረስነው የራሳችንን ጽሑፍ ነው። ለክርክሩ የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ ከዚያ ያልበለጠ፣ መጻፍ ያስፈልጋል።

ቶማስ አኳይናስ በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ የተጠቀመበት ቅርጽ ለዚህ ጥሩ ልምምድ ይሆናል። ጥያቄውን «እንዲህ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ ይከፍታል፤ ከዚያ ከራሱ አቋም ተቃራኒ የሆኑትን ማስረጃዎች ቁጥር ሰጥቶ ያስቀድማል፤ አንድ አጭር የአጸፋ ቃል ያስገባል፤ የራሱን መልስ ያብራራል፤ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተቃውሞ በቁጥሩ ይመልሳል። የማደንቀው የመጨረሻውን ነው። ዋናው መልስ ጥሩ ስለሆነ ተቃውሞዎቹ በራሳቸው ይወድቃሉ ብሎ አያልፍም፤ የአንደኛው ስህተት ከሁለተኛው ይለያልና እያንዳንዱ የራሱ መልስ አለው። ብዙ ጊዜም መልሱ ተቃውሞው ልክ ነው፣ ነገር ግን በሌላ ትርጉም የሚል ነው። የተቃዋሚው ማስረጃ የቱ ጋ እንደሚስት ማሳየት ያልቻለ ሰው፣ የራሱ ማስረጃ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሁለት የሚጋጩ ማስረጃዎች ይዞ ነው የቀረው።

ኔፕቱንና ቩልካን

ይህ ሁሉ ተደርጎም ግን ጥያቄው አንዳንዴ ሳይፈታ ይቀራል። ፒየር ዱሄም እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ፊዚክስ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሙከራ የሚያፈርሰው አንድን ሐሳብ ለብቻው አይደለም፣ አብረው ትንበያውን የሰጡትን ሐሳቦች ሁሉ በጅምላ ይከስሳል። ከሥነ ፈለክ ታሪክ ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማየት የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል፤ የሁለቱም ተዋናይ አንድ ሰው ነውና።

የዩራነስ ጉዞ ከኒውተን ሕግ ስሌት ጋር አልገጠመም። ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። ሕጉ ሊሆን ይችላል፤ ምልከታው ሊሆን ይችላል፤ «የሚታወቁት ፈለኮች ብቻ ናቸው ዩራነስን የሚስቡት» የሚለው ማንም ያልጻፈው መስመርም አለ። ፈረንሳዊው ለቬርየ የመጨረሻውን ጣለ። የማይታወቅ ፈለክ አለ ብሎ ቦታውን አሰላ፤ መስከረም 23 ቀን 1846 እ.ኤ.አ. በበርሊን ዮሐን ጋለ መነጽሩን ወደዚያ አዞረና ከተሰላው ቦታ በ1 ዲግሪ ክልል ውስጥ ኔፕቱንን አገኘ።

ሁለተኛው ጉዳይ የሜርኩሪ ነው። ይህ ፈለክ ለፀሐይ በጣም የሚቀርብበት ነጥብ ቀስ እያለ ይዞራል፤ የሌሎቹ ፈለኮች ስበት ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ በ100 ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ትርፍ ይገኛል። አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ ነውና ትርፉ ኢምንት ነው፤ ግን አለ። ለቬርየ እ.ኤ.አ. በ1859 ጉዳዩን ሲያቀርብ ያንኑ መስመር ጣለ፤ ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ ያልታየ አካል አለ። ቩልካን የሚል ስም እንኳን ወጣለት። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ተፈለገ፤ አየሁ ያሉም ነበሩ፤ ማንም ሊያረጋግጥላቸው ግን አልቻለም።

የግጭቱ ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው። የተወሰደው እርምጃም አንድ ዓይነት ነው። በ1846 ግሩም ግኝት የሆነው በ1859 ስህተት ሆነ። ስለዚህ «ሁልጊዜ ረዳት ሐሳቡን ጣል፣ ሕጉን አድን» የሚል ደንብ አይሠራም፤ ተቃራኒውም አይሠራም። ለቬርየን በሁለተኛው ጊዜ ሞኝ ማድረግም ተገቢ አይመስለኝም። በሁለቱም ጊዜ ያደረገው ትልቅ ነገር አለ፤ የሚጥለውን መስመር መርጦ፣ ምርጫው ሌላ ቦታ ላይ የሚፈተሽበትን መንገድ አብሮ ሰጠ። ወደ ሰማይ ተመልከቱ አለ። አንዴ ተገኘ፣ አንዴ ታጣ።

የምጥለው መስመር የትኛው እንደሆነ ስወስን የምጠይቀው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የተወለደው፤ ይህን መስመር ስጥል፣ ከተጣላሁበት ግጭት ውጭ ሌላ ምን ይለወጣል? ያ ለውጥስ ሊታይ ይችላል? ምንም የማይለወጥ ከሆነ መስመሩን የጣልኩት ግጭቱን ለማስወገድ ብቻ ነው። በፍልስፍናም ይሠራል። ዩቲፍሮ «አማልክት አይጣሉም» ቢል ኖሮ የዜውስን ታሪክ መተው ይኖርበት ነበር፤ አባቱን ለመክሰስ የጠቀሰው ምሳሌ ደግሞ ያው ታሪክ ነው። ዋጋው የት እንደሚከፈል ወዲያው ይታያል።

በ1894 አሳፍ ሆል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ በሜርኩሪ ጉዳይ ሌላውን ተጠርጣሪ ያዘ፤ የኒውተንን ሕግ ራሱን። ስበት የሚቀንሰው በርቀት ካሬ ነው፤ ማለትም የርቀቱ አርቢ (ርቀቱ ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ የሚናገረው ቁጥር) 2 ነው፤ አርቢው በ2 ፋንታ 2.00000016 ቢሆን የሜርኩሪ ትርፍ ልክ ይገጥማል አለ። ሳይመን ኒውኮምም ለጊዜው ይህን ሐሳብ ተቀበለው። አንድ ቁጥር አንስቶ ለአንድ ግጭት መለካት ከላይ የወቀስኩትን ልጥፍ ይመስላል። ልዩነቱ ስበት የሁሉም ነገር ሕግ መሆኑ ነው። አርቢው ከተለወጠ ለሜርኩሪ ብቻ አይለወጥም፤ ጨረቃም በምድር ዙሪያ የምትዞርበት መንገድ መለወጥ አለበት፣ በምን ያህል እንደሆነም ይሰላል። የጨረቃ እንቅስቃሴ ደግሞ በጥንቃቄ የሚለካ ነው። ኤርነስት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጣው የጨረቃ ስሌት ለዚያች ትንሽ ትርፍ ቦታ አልነበረም፤ የሆል ሐሳብም ወደቀ። የሜርኩሪ 43 የቅስት ሰከንድ አንስታይን በ1915 አዲሱን የስበት ንድፈ ሐሳብ እስኪያቀርብ ድረስ ያለ ባለቤት ቆየ፤ የእሱ ስሌት ቁጥሩን የሰጠው ለሜርኩሪ ተብሎ የተስተካከለ አርቢ ሳያስገባ ነው፤ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍም አብሮ ተናገረ፣ በ1919 ግርዶሽም ተለካ።

በ1859 እና በ1915 መካከል ይሠራ የነበረ አንድ አጥኚ «የሚወድቀው የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም። መልስ ሳይኖር ግን ብዙ መጻፍ ይቻላል። ግጭቱ ይህ ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ያልታየ አካል ካለ በግርዶሽ ጊዜ እዚህ መታየት አለበት፤ የስበት አርቢ ከሆነ ጨረቃ ይህን ያህል ማፈንገጥ አለባት። ሆል ቁጥሩን እስከ ስምንተኛው አኃዝ ድረስ ጽፎ ስለተወው ብራውን የሚፈትሸው ነገር አገኘ።